አፈር ያለበሰ ይናገር

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ገበያ መሀል ዝናብ ያዘኝ። ከደሴ የሐረጎን ዳገት ስወርድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየሁት ጥላ አልያዝኩም ነበር። ሽንኩርትና ድንች ከምትሸጥ አንዲት ሴት ዳስ ስር ሮጬ ገባሁ። ሴትየዋ እቃዋን ወደ ውስጥ እየሳበች «ግቢ እናት፣ ግቢ፤ ይሄ ሸራ የዋዛ አይደለም፤ ጠብ አያደርግም» አለችኝ። ቀና ከማለቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። የራሰ የወታደር ሸራ ሽታ። የማያውቅ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሻጋታ ብቻ ግን አይደለም። ሰም አለው፣ ጭስ አለው፣ የአሮጌ ገመድና ብዙ ሰው የተቀመጠበት አፈር ሽታ አለው። ቀና አልኩ። ከራሴ በላይ፣ በነጭ የጫማ ክር የተሰፋ፣ መዳፍ የሚያህል እራፊ አለ። ያንን ስፌት አውቀዋለሁ። ሲሰፋ ክሩን በሰም እያሸሁ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

«ይሄን ሸራ ከየት ገዛችሁት?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ ባሌ ነው ከደሴ ያመጣው፤ ቁራጭ ነበር። ምነው፣ ያንቺ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ስንት ለቅሶ እንደተለቀሰበት ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የዕለት ጉርሷን የምታገኝበትን ጣራ ሟርት ማልበስ ምን ይጠቅመኛል? ሁለት ኪሎ ድንች ገዛሁና ዝናቡ እስኪያባራ ቆምኩ። ዋጋውን ስትነግረኝ የድሮ ደመወዜ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ደመወዝ አሁን ስንት ኪሎ ድንች እንደሚገዛ አስቤ ስሌቱን ሳልጨርስ ተውኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገርን ከመነሻው ካልያዝኩት አይሆንልኝም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በምትወጣው የኮረት መንገድ ጥግ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች ይላሉ። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «የቀድሞ ወታደሮች መረዳጃ» ተብሎ ተጽፎባት ነበር፤ ጸሐፊው ቦታውን ሳይለካ ስለጀመረ «መረዳጃ» የምትለው ቃል መጨረሻዋ ላይ ጎብጣ ወደ ታች ትወርዳለች። እኔ ያኔ ከኮሌጅ የወጣሁ አዲስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ጥቁር ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ እለብሳለሁ፤ ሸሚዙን ሁልጊዜ ማታ አጥቤ ጠዋት በከሰል ካውያ እተኩሰዋለሁ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች ባንዱ ተቀምጦ ቦምቦሊኖ በሻይ መብላት ለአዲስ አስተማሪ የቅዳሜ ክብር ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግር ነው፤ በመንገድ ላይ ካሉት ሻይ ቤቶች ከአንደኛው የጀመረ የሴት ዘፈን ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ካሴቱ ተጎትቶ በወንድ ድምፅ ያልቃል። ዛሬ በዚያው መንገድ ስሄድ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የየራሱን ማዳመጫ ወትፏል፤ መንገዱ ጸጥ ብሏል።

የማህበሩ ሊቀመንበር ሻለቃ ባሻ ይመር አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነበሩ፤ የወታደር ካፖርታቸው ከጊዜ ብዛት ቁልፎቹ ረግፈው በሴት ቀሚስ ቁልፍ ተተክተዋል፤ ሁለቱ ሐምራዊ ናቸው። ከመድፍ አጠገብ ብዙ ስለኖሩ ጆሯቸው ተጎድቷል፤ ስለዚህ ሲናገሩ ይጮኻሉ፣ ሌላውም እንዲጮህላቸው ይፈልጋሉ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ የተናገሩትን እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። «የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ስጡን! የኛ መዝገብ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው!» ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ክፍል ጠቆሙ። እንዲህ ሆኖ የወታደሮች ማህበር ጸሐፊ ሆንኩ። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት መሪ ነበረችና «ፀጋ፣ ከመዘምራን ልምምድ ቀርተሽ ወታደር መሀል ልትውዪ ነው?» ብላ አለቀሰች። አባቴ ግን «ጌታ የመቶ አለቃውን ቤት አልናቀም፤ ሂጂ» አለ።

ሄድኩ፤ ያየሁትም ከገመትኩት የራቀ ነበር። መጠጥ አልነበረም፤ ፉከራም አልነበረም። ሥራ ነበር። ትልቁ ንብረታቸው ያ አረንጓዴ ድንኳን ነው። በቧንቧ ውሃ፣ በፒያሳ፣ አልፎም በኩታበር መንገድ ሰው የሞተ እንደሆነ መጀመሪያ የሚላከው ወደነሱ ነው። እስላም ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ እንደኛ ጴንጤ ነው አይሉም፤ ቀድሞ የላከ ቀድሞ ይተከልለታል። አራቱ በአራት ማዕዘን ይቆማሉ፤ ሻለቃ ባሻ «ሳብ!» ይላሉ፤ ድንኳኑ በአንድ ትንፋሽ ይቆማል። ሲተክሉ ድሮ በሰልፍ ላይ ይሉት የነበረ ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ ቃሉን ግን ለለቅሶ ቤት እንዲስማማ ቀይረውታል። ለመበለት ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ማለቴ እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይናገራሉ። ክረምት ሲገባ ምንጭ ይጠርጋሉ። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ወርዶ መኪና የተገለበጠ እንደሆነ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው የሚወርዱት እነሱ ናቸው። አንድ የጦር ሜዳ ወጥ ቤት የነበሩ ሰው አሉ፤ ለለቅሶ የሚሆነውን ወጥ እሳቸው ይሠራሉ፤ ሁልጊዜም «ከጠላት ጥይት ይልቅ ያንተ ምስር ነው የጨረሰን» እየተባሉ ይሰደባሉ፤ ሁልጊዜም «ታዲያ ለምን ድስቱን ትልሱት ነበር?» ብለው ይመልሳሉ።

የማህበሩ ምሰሶ ግን የስም ጥሪው ነበር፤ ይሄን ቀስ ብዬ ላስረዳ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሻለቃ ባሻ ቆመው መዝገቡን ይገልጣሉ። መዝገቡ ውስጥ ያለው በሕይወት ያለው ብቻ አይደለም። ከዚህ አካባቢ ወጥቶ ከነሱ ጋር የዘመተ ሁሉ ስሙ አለ። በሕይወት ያለው «አለሁ!» ይላል። የሞተ እንደሆነ የቀበረው ሰው ይነሳና «አረፈ!» ይላል። ሕጉ አንድ ነው፦ በገዛ እጁ አፈር ያላለበሰ ሰው ስለሌላው ሰው «አረፈ» አይልም። ሰማሁ፣ ነገሩኝ፣ ሳይሞት አይቀርም የሚባል ነገር የለም። አፈር ያለበሰ ይናገር ነው ቃሉ። ማን እንደቀበረው ላልታወቀውስ? አብሮት በአንድ ምሽግ የነበረ ሰው ይነሳና «ይመጣል!» ይላል። ድምፁ ዝቅ ካለ ሻለቃ ባሻ «አልሰማሁም!» ይላሉ፤ እንደገና መጮህ ነው። ከኋላ ባሉት አግዳሚዎች ላይ እናቶችና ሚስቶች ይቀመጣሉ። የሰዋቸው ስም ተጠርቶ «ይመጣል» ከተባለ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። ለዚያች ቃል ብቻ ነው የሚመጡት።

ከሁሉም የማይቀሩት እማማ ዘሃራ ነበሩ። የኩታበር ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው እንድሪስ ሙሄ ዘምቶ አልተመለሰም። ጥቁር ሻሽ ያስራሉ፤ በመዳፋቸው መቁጠሪያ አይጠፋም፤ በጨርቅ የቋጠሩት የተቆላ ባቄላም እንዲሁ። ወጥ ቤቱን «ና ቅመስ፤ ያንተን ምስር የቻለ ጥርስ ይሄን አያቅተውም» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ጭብጥ ግን ሁልጊዜ ለጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ ፒያሳ፣ ከአንድ አሮጌ ሆቴል ደረጃ ስር ጫማ የሚሰፉ፣ ዝምተኛ የሆኑ ክርስቲያን ናቸው። ከእንድሪስ ጋር በአንድ ምሽግ ኖረዋል። «እንድሪስ ሙሄ!» ሲባል የሚነሱት እሳቸው ናቸው። «ይመጣል!» ይላሉ። «ኢንሻአላህ» ይላሉ እማማ ዘሃራ፤ ከዚያ የኩታበር መኪና እንዳያመልጣቸው ቶሎ ይወጣሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጸሐፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ግድም ከአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ መጣ። ለሞቱ ወታደሮች ቤተሰቦች ስንዴ ሊሰጥ ስለሆነ የአባላት ዝርዝር ይላክ ይላል። እኔ መዝገቡን በፊደል ተራ አስተካክዬ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሬ፣ ቆንጆ አድርጌ ጨርሼው ነበር፤ ኮርቼበታለሁ። ቅጹ ግን ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ «በሕይወት ያለ» እና «የሞተ»። ያን ቀን ጋሽ ታደሰ ቤቱ ውስጥ የተቀደደውን ድንኳን በጫማ ክር እየሰፉ ነበር፤ እኔ በአንድ እጄ ክሩን በሰም እያሸሁ አቀብላቸዋለሁ፣ በሌላው እጄ ቅጹን እሞላለሁ።

«ሦስተኛዎቹን የት ታስገቢያቸዋለሽ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሦስተኛ የለም ጋሽ ታደሰ። ቅጹ ላይ የለም።»

«እዚህ ግን አለ» አሉና በወስፌያቸው ባዶውን የኋላ አግዳሚ ጠቆሙኝ።

አስረዳኋቸው። እኔ ማስረዳት አላቆምም ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የተማረከ ቢሆን እስካሁን እንደሚፈታ፣ ደብዳቤም እንደሚጽፍ፣ ስለዚህ እንደሞተ መቁጠር ትክክል እንደሆነ፣ ከዚያም በላይ ስንዴው ለእናቶቹ እንደሚጠቅም አንድ በአንድ ተናገርኩ። ለእኔ ያልተሞላ ቦታ ማለት ዜሮ የተሰጠው ጥያቄ ነበር። ጋሽ ታደሰ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «አንቺ ነሽ የተማርሽው» አሉ። «ይመጣል» የሚባልላቸውን ሁሉ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ጻፍኳቸው። ሻለቃ ባሻ «መምህርት ሠርታዋለች!» ብለው ሳያነቡ ማህተሙን አሳረፉ።

ስንዴው ከጠበቅነው ቀድሞ መጣ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሻለቃ ባሻ መዝገቡን ሊገልጡ ሲሉ እማማ ዘሃራ በሩ ላይ ቆሙ። ጀርባቸው ላይ አፉ የተሰፋ የስንዴ ጆንያ አዝለዋል። ወጥ ቤቱ ሮጠው ሊያወርዱላቸው ሲሉ እጃቸውን ገፉትና ራሳቸው አወረዱት፤ ከበሩ መቃን ጋር አቆሙት።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም እማማ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አሉ ሻለቃ ባሻ።

«አልቀመጥም ሻለቃ። ሥራህንም አላስፈታህም። ቀበሌ ጠሩኝና ልጅሽ ሞቷል፣ ይሄን ስንዴ ውሰጂ አሉኝ። ማን ነገራችሁ ብል ማህተማችሁን አሳዩኝ። እኔ ማህተም ማንበብ አላውቅም፤ ሕጋችሁን ግን አውቃለሁ፤ እዚህ ተቀምጬ ስሰማው ነው የኖርኩት። ልጄን አፈር ያለበሰው የቱ ነው? አሳዩኝ፤ እጁን ልሳም።»

ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። ሻለቃ ባሻ በደንብ እንዳልሰማ ሰው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። እኔ ተነሳሁ። «እማማ፣ እንዲህ ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው ዓምድ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅጽ ነው ልጄን የቀበረው?» አሉኝ። አልተቆጡም። የገዛ ልጃቸውን የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

የኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አዩኝ፤ የነሱም ስንዴ በመንገድ ላይ እንደሆነ ገና አላወቁም። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ሲነሱ አየሁ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አንተ? ይሄን ሁሉ ዓመት ይመጣል ስትለኝ የኖርከው?»

«አዎ። ዓይንዎን እያየሁ መናገር አቃተኝ።»

እማማ ዘሃራ በአግዳሚዎቹ መሀል አልፈው ጋሽ ታደሰ ፊት ቆሙ። አናታቸው ከሳቸው ደረት አይደርስም። «ወደ ቂብላ ነው ያስተኛኸው?»

«ወደ ቂብላ ነው።»

«አንተ ክርስቲያን አይደለህ? ማን አሳየህ?»

«እሱ ራሱ። ሲሰግድ ፊቱን የት እንደሚያዞር ስንት ጊዜ አይቻለሁ እማማ።»

«በምን ገነዝከው?»

«በራሴ ሸራ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እማማ ዘሃራ። የጋሽ ታደሰን ሁለት እጆች ያዙ፤ በጫማ ቀለም የጠቆሩትን ጣቶች አንድ በአንድ ሳሙ። ከዚያ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ አግዳሚ ሄደው ቁጭ አሉና «በል ሻለቃ፣ ጥራ» አሉ። ጥሪው ተጀመረ። ተራው ሲደርስ ሻለቃ ባሻ «እንድሪስ ሙሄ!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አረፈ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«አልሰማሁም!»

«አረፈ!»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩታበር ለሰደቃ ተጠራን። ከድንኳኑ ጋር በጭነት መኪና ሄድን። በግ ታርዷል፤ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ የወረዳው ጉም ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። እማማ ዘሃራ ያንን አፉ የተሰፋ ጆንያ በዚያ ቀን ፈቱት። እስከዚያ ድረስ አልነኩትም ነበር። ስንዴውን ንፍሮ አድርገው በሰፌድ አመጡና መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ ፊት አቀረቡት። «ብላ፤ ልጄን አፈር ያለበስክ አንተም ልጄ ነህ» አሉ። ጋሽ ታደሰ በጭብጣቸው ዘገኑ። አፋቸው ውስጥ ጨመሩት፤ ብዙ ጊዜ አኘኩት፤ ሳይውጡት እንደቆዩ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁ። እኔ ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ባቄላ በተሰበሰበ ቁጥር ከኩታበር ለጋሽ ታደሰ አንድ ቁና ይላካል። አንድም ቀን ወደ ቤታቸው ወስደው አያውቁም፤ ደረጃው ስር ተቀምጠው ለሚመጣው ለሚሄደው ያድሉታል።

የሌሎቹ እናቶች ነገር እንዲህ በአንድ ቀን አልተፈታም። ስንዴው ለየቤታቸው ደረሰ። አንዳንዶቹ ተቀበሉና በዚያው ቀሩ። አንዳንዶቹ፣ ከእማማ ዘሃራ በኋላ፣ እኔም ብጠይቅ «እኔ ነኝ» የሚል ይነሳብኛል ብለው ፈሩ። የኋላ አግዳሚዎች ከወር ወር እየሳሱ ሄዱ። ሚስቶቹና እናቶቹ ሲቀሩ ምንጭ መጥረጉም፣ ማመልከቻውም፣ ለቅሶ ቤት መላኩም እየቀዘቀዘ መጣ፤ ያን ማህበር አንድ ላይ ይዞት የነበረው ያች አንዲት ቃል እንደሆነች ያወቅኩት ያኔ ነው። መዝገቤ ግን እንዳማረ ነበር።

ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተረከዙ የወለቀ ጫማዬን እየጎተትኩ ፒያሳ ጋሽ ታደሰ ጋ ሄድኩ። ማሰፊያ አንድ ብር ነበር፤ ከእኔ ግን አይቀበሉም። የእግሬን ጫማ አውልቄ፣ በሳቸው ትልቅ ነጠላ ጫማ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «አታስረጂኝ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ ብቻ።»

«እሺ።»

«እንድሪስን አልቀበርኩትም።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ማለዳ ነው፤ ጭጋግ ነበር። ሁለት ኮዳ ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ጀርባውን አየሁት። ወዲያው ቦታ ልቀቁ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሻለቃ ባሻ እየቆጠሩ አወጡን። አንድ ሲጎድል እንድሪስ የት አለ? አሉኝ። ውሃ ሊቀዳ ሄዷል፣ ይመጣል አልኳቸው። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ በላይ ቢጠብቁ ሁላችንም እናልቅ ነበር። ይኸው ነው። ይመጣል ስል የኖርኩት እውነቴን ነው ቲቸር። የዋሸሁት አረፈ ስል ነው።»

«ለምን ጋሽ ታደሰ?»

ጫማዬን ገልብጠው ሚስማር መቱበት። «ስንዴ ተሸክማ መጣች። ማህተሙን አይታለች። ከዚያ በኋላ ይመጣል ብላት ታምነኛለች? ልጅም የላት፣ መቃብርም የላት፤ እንዴት ትኑር? ቢያንስ ቀባሪ ልስጣት አልኩ። ደግሞ አንቺ እዚያ ቆመሽ ትንቀጠቀጪ ነበር። ልጅ ነበርሽ።»

«ሻለቃ ባሻስ ያውቃሉ?»

«እሳቸው የማያውቁት ምን አለ? ጆሯቸው ነው እንጂ የማይሰማ።»

ጫማዬን ተጫምቼ ወጣሁ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄድኩት አላውቅም፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። የእኔን ስህተት ሌላ ሰው በሐሰት ከፈለልኝ፤ በአደባባይ ልመልሰው እንዳልችል ደግሞ እማማ ዘሃራ በዚያ ሐሰት ልባቸው አርፏል። እውነቱን ብናገር ማንን ነው የማድነው? ዝም አልኩ። እማማ ዘሃራም በሰላም አረፉ። ድንኳኑን ይዘን ኩታበር ሄድን፤ ጋሽ ታደሰ አካፋ ተቀብለው ከሁሉም ጋር አፈር መለሱ። ሲጨርሱ «ይሄ እንኳን እውነት ነው» አሉኝ፣ እጃቸውን እያራገፉ።

ዛሬ ያች ቤት የለችም። ከተማችን በጦርነት በተጨነቀበት በዚያ ሰሞን በሯ ተሰብሮ፣ መዝገቡም ድንኳኑም አግዳሚውም ወጣ። ሻለቃ ባሻ ያን ዓመት አላለፉም። ድንኳኑን ማን ቆራርጦ እንደሸጠው አላውቅም፤ አንዱ ቁራጭ ኮምቦልቻ ሽንኩርት ላይ እንዳለ ግን አሁን አውቃለሁ። ከቤቴ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤቴ ልጇ ዘምቶ ከሄደ ወዲህ ስልኳን ከጭኗ ላይ አታነሳም። ተማሪዬ ነበር። አንድ ቀን «ምን ይመስልሻል መምህርት?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን አስረዳት ነበር። «አብሽሪ» ብቻ አልኳት፤ ለወሎ ሰው ይህች የማጽናኛ ቃል ከብዙ ማስረዳት ትበልጣለች። ስሙን የሚጠራላት ግን የለም።

ያ ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ ሲተከል ያየሁት የጋሽ ታደሰ ለቅሶ ላይ ነው። ደረታቸውን አሟቸው ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። ክረምት ነበር፤ ሸራው ርሶ ያንን ሽታ ሸተተ። ከማህበሩ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ድንኳኑን ለማቆም የሰፈር ጎረምሶች ማገዝ ነበረባቸው፤ ሻለቃ ባሻ ግን «ሳብ!» ማለታቸውን አልተዉም። በሰልስቱ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና መዝገቡን አምጪ አሉኝ። ቅዳሜ ነበር፣ የወሩ የመጀመሪያ። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፤ እኛ ግን አወቅን።

ቆመው ጠሩ። ጥቂት «አለሁ» ተባለ፤ ብዙ «አረፈ»። መዝገቡ እኔ እንዳስተካከልኩት በፊደል ተራ ስለሆነ «ታደሰ» ከ«እንድሪስ» ይቀድማል። የጋሽ ታደሰ ስም ሲጠራ ወጥ ቤቱ ተነሱ፤ አፈር አልብሰዋልና «አረፈ!» አሉ፤ አሉና ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሻለቃ ባሻ ገጹን ገለጡ። ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ።

«እንድሪስ ሙሄ!»

ማንም አልተነሳም። ስለሱ የሚናገረው ሰው ከትናንት በስቲያ ተቀብሯል። ሸራው ላይ ዝናቡ ይመታል። ሻለቃ ባሻ ወደሚቀጥለው ስም አላለፉም፤ ከመዝገቡ ቀና ብለው በዚያ በተጎዳ ጆሯቸው ይጠብቃሉ፤ በዚያ ማለዳ ጭጋጉን እያዩ እንዴት እንደጠበቁ ያን ጊዜ ታየኝ። እኔ ወታደር አይደለሁም። ያን ሰው አላየሁትም፤ ከስሙ በስተቀር የማውቀው የለም፤ ያንንም በተሳሳተ ዓምድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተነሳሁ።

«ይመጣል» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«ይመጣል!» ብዬ ጮህኩ።

ሻለቃ ባሻ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።